ከበሩ እስከ ማይኩ፦ የዩኒቨርሲቲ ሕዝባዊ ገለጻ ለሚያዘጋጁና ለሚታደሙ

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ለሁሉም ክፍት ነው» ተብሎ የሚለጠፍ ፕሮግራም ክፍት የሚሆነው ከግቢ ውጪ ላለ ሰው ወሬው በጊዜ ሲደርሰው፣ ጥበቃው ሲያስገባው፣ የኋላ ረድፍ ተቀምጦ ድምፁ ጥርት ብሎ ሲሰማውና ጥያቄ የመጠየቅ ተራ ሲያገኝ ነው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ፣ ተናጋሪው ምንም ያህል አዋቂ ቢሆን አዳራሹ ውስጥ የሚገኙት የዚያው ትምህርት ክፍል መምህራንና በመምህራቸው ታዘው የመጡ ተማሪዎች ብቻ ይሆናሉ። እዚህ የምጽፈው አዲስ አበባን፣ በተለይም ስድስት ኪሎንና አካባቢውን በማሰብ ነው። ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ ወይም ሐዋሳ ያላችሁ የቦታውን ስም ቀይራችሁ ተጠቀሙበት፤ አሠራሩ ብዙ አይለያይም።

ከቦታው እንጀምር። «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» ብሎ መጻፍ አድራሻ አይሆንም። ዋናው ግቢ ስድስት ኪሎ ነው፤ ሳይንሱ አራት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂው አምስት ኪሎ፣ አርክቴክቸሩ ልደታ፣ ሕክምናው ጥቁር አንበሳ፣ የእንስሳት ሕክምናው ቢሾፍቱ። ስድስት ኪሎ ራሱ ደግሞ አንድ አዳራሽ ብቻ ያለው አይደለም። ራስ መኮንን አዳራሽ አለ፣ ማንዴላ አዳራሽ አለ፤ በኢኮኖሚስቱ በእሸቱ ጮሌ ስም የተሰየመው አዳራሽ የሚገኘው ብዙዎች ኤፍቢኢ በሚሉት የንግድና ኢኮኖሚክስ ግቢ ነው። የካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ጋ ከታክሲ የወረደ እንግዳ በየትኛው በር እንደሚገባ ካላወቀ ከበር በር ሲንከራተት ንግግሩ ይጋመስበታል። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ አንድ መስመር ለአድራሻ ብቻ ይሰጥ፦ ግቢው፣ የመግቢያ በሩ፣ ሕንፃው፣ ፎቁ፣ አዳራሹ። ደረጃ መውጣት የግድ ከሆነም ይጻፍ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው እዚያ ደርሶ ከሚመለስ ቀድሞ ደውሎ መሬት ላይ ያለ ክፍል መጠየቅ ይችላል፤ ለዚህም ማስታወቂያው ላይ የሚነሳ ስልክ ቁጥር ያስፈልጋል።

ስለ አዳራሽ ስፋት የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ከምትጠብቁት ሰው ብዛት ብዙም የማይሰፋውን ምረጡ። 80 ሰው 100 ወንበር ባለው ክፍል ሲቀመጥ ውይይቱ ይሟሟቃል። ያው 80 ሰው 400 ወንበር ላይ ሲበተን ሁሉም ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ተናጋሪው ለባዶ ወንበር ያወራል፣ ማይክ ይዞ የሚዞረው ልጅም አዳራሹን ሲያቋርጥ ጊዜው ያልቃል። ትልልቆቹ አዳራሾች በመጨረሻ ሰዓት ለአስቸኳይ ስብሰባ የመወሰድ ዕድላቸውም ሰፊ ነው። ቦታው ከተቀየረ የቴሌግራም መልእክት ብቻውን አይበቃም። የመጀመሪያው አዳራሽ በር ላይ ወረቀት ይለጠፍ፤ ፕሮግራሙ ከተጀመረ በኋላም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መንገድ የሚያሳይ ሰው እዚያ ይቁም።

ቀንና ሰዓት ላይ የሚፈጠረው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት የዘመን አቆጣጠርና ከሁለት የሰዓት አቆጣጠር የሚመጣ ነው። «8፡00» ብቻ ተብሎ የተጻፈለት የውጭ አገር ተናጋሪ ጠዋት ሆቴሉ በር ላይ መኪና ይጠብቃል፤ አዘጋጆቹ ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለታቸው ነበር። በአማርኛው «ከቀኑ 8፡00»፣ በእንግሊዝኛው ፖስተር ላይ «ከሰዓት በኋላ 2፡00» የሚለው በየቋንቋው ይጻፍ፤ የሳምንቱ ቀን ስምም ፈጽሞ አይቅር። ቀንን ከአንዱ የዘመን አቆጣጠር ወደ ሌላው ስትቀይሩ ያለፈውን ዓመት ሠንጠረዥ አትመኑ። በአብዛኛው ዓመት ጥቅምት 10 ኦክቶበር 20 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ኦክቶበር 21 ይሆናል። የአንድ ቀን ፈረቃው ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ይቆይና የካቲት 22 ማርች 1 ላይ ሲውል ይስተካከላል። ቀጣዩ እንዲህ ያለ ዓመት 2020 ዓ.ም ነው። የሳምንቱ ቀን አብሮ ከተጻፈ ግን ቁጥሩ ቢሳሳትም አንባቢው ይጠራጠርና ይደውላል።

ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት የጁምዓ ሰዓት ስለሆነ ምንም አትያዙበት። በረመዳን የከሰዓት ፕሮግራም ከማፍጠሪያው ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ ያልቅ። ረቡዕ፣ ዓርብና በዐቢይ ጾም የሻይ ሰዓቱ የጾም መሆን አለበት፤ ቆሎ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ዳቦ፣ ሻይና ቡና ይበቃል። ኬክ ብቻ ካቀረባችሁ ግማሹ ታዳሚ እያየ ያልፈዋል። የሚድና የፋይናል ፈተና ሳምንታትን የትምህርት ክፍሉን ጸሐፊ ጠይቃችሁ እለፏቸው። ተማሪና መምህር ለማግኘት ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ጥሩ ነው። ከመሥሪያ ቤት የሚመጣ ሰው ከፈለጋችሁ ግን ቅዳሜ ጠዋት ከ3፡30 እስከ 6፡00 የሚተካከለው የለም። ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ስለሚሆን ቁልፍ የሚከፍተው፣ መብራት የሚያየውና ድምፅ የሚያስተካክለው ሰው ስልካቸው ዓርብ ከምሳ በፊት እጃችሁ ላይ ይግባ። ደብዳቤው ሁሉ ተሟልቶ ቁልፍ የያዘው ሰው ስለማይታወቅ በር ላይ የሚቆም ታዳሚ ማየት የተለመደ ነው፤ አንድ ስልክ ቁጥር ያድነው ነበር።

ደብዳቤውን ከአንድ ወር በፊት ጀምሩ። ከትምህርት ክፍሉ ወደ ዲኑ፣ ከዚያም አዳራሹን ወደሚያስተዳድረው ክፍል ይሄዳል። ደብዳቤው ላይ ርእሱ፣ የተናጋሪው ስምና ማዕረግ፣ ቀኑ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት (ለዝግጅትና ለጽዳት የሚያስፈልገው አንድ አንድ ሰዓት ተጨምሮ)፣ የሚጠበቀው የሰው ብዛትና የምትፈልጉት መሣሪያ በዝርዝር ይግባ። ግልባጭ የሚለው ክፍል ብዙ ሰው ችላ ይለዋል፤ ሥራውን የሚያስኬደው ግን እሱ ነው። ለጥበቃ፣ ለሕዝብ ግንኙነት፣ ለጥገናና መብራት፣ ለአዳራሹ ኃላፊ ግልባጭ ካልተጻፈ የዲኑ ፊርማ ብቻውን አምፖል አያበራም። ግልባጮቹ በመዝገብ ቤት በኩል እስኪደርሱ አትጠብቁ፤ በእጃችሁ አድርሱና የተቀበለው ሰው በእናንተ ኮፒ ላይ ይፈርም።

አሁን ወደ በሩ። ብዙ ሕዝባዊ መድረክ የሚከሽፈው እዚህ ነው፤ ጥፋቱም በአብዛኛው የጥበቃዎቹ አይደለም። ደብዳቤው ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ በሩ ላይ ያለው ሰው ግን ፈረቃው ዛሬ ጠዋት የጀመረ ነው፣ አልሰማም። ስለዚህ የደብዳቤው ኮፒ በሩ ላይ ባለው የጥበቃ ቤት ውስጥ ይለጠፍ፤ ፈረቃ ሲቀያየርም ድጋሚ ይነገራቸው። ደብዳቤው «የስም ዝርዝር ከዚህ ጋር ተያይዟል» ብቻ ካለ ያልተመዘገበ ሰው ሁሉ ውጪ ይቀራል። «ማንኛውም የታደሰ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት የያዘ ታዳሚ ለዚሁ ፕሮግራም እንዲገባ» የሚል ዐረፍተ ነገር አስገቡበት። ፕሮግራሙ ከሚጀመርበት ሰዓት 45 ደቂቃ ቀደም ብሎ አንድ ተማሪ የፕሮግራሙን ስም በትልቁ የጻፈ ወረቀት ይዞ ከጥበቃዎቹ ጎን ይቁም፤ ከተጀመረ በኋላም ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ዘግይቶ የመጣ አዛውንት «ተጀምሯል» ተብሎ ሲመለስ የሚከራከርለት ሰው ያስፈልጋል።

ላፕቶፕና ካሜራ የያዘ ሰው ሲገባ በመዝገቡ ላይ የዕቃውን ዓይነትና መለያ ቁጥር ያስመዝግብ፤ ሲገባ ያልተመዘገበ ዕቃ ሲወጣ ችግር ያመጣል። ለቪዲዮ ቀራጮች ለብቻው ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ካሜራው፣ ትራይፖዱ፣ መብራቱ፣ ማይኩ በቁጥር ይዘርዘር። መኪና ይዞ ለሚገባ እንግዳ የሰሌዳ ቁጥሩን ቀድማችሁ ስጡ።

ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ ከ10 ቀን በፊት አንዴ፣ በዋዜማው አንዴ። ፖስተሩ በሰሌዳ ላይም በስልክም ስለሚነበብ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ርእሱ መለየት አለበት። የአምስት ተቋማት ዓርማ ተደርድሮ ርእሱ ከሥር የሚጨነቅበት ፖስተር አትሥሩ። የቴሌግራም መልእክቱ ላይ አድራሻውና ሰዓቱ ምስሉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም ይግባ፤ ዳታ የሚቆጥብ ሰው ምስሉን አይከፍትም፣ በፍለጋም የሚገኘው ጽሑፉ ብቻ ነው። ከተናጋሪው ቀድማችሁ የምትቀበሉት ደግሞ እስከ 120 ቃል የሚሆን የሕይወት ታሪክ፣ እስከ 150 ቃል የሚሆን የገለጻው ጭብጥ፣ ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም ለመቀረጽና ቅጂው እንዲሠራጭ መፍቀዱን የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። ፈቃዱን ከንግግሩ በኋላ መጠየቅ ለሁለታችሁም አይመችም።

አዳራሹን በዋዜማው ሞክሩት፤ በፕሮግራሙ ቀን ደግሞ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድገሙት። አንድ ሰው መድረኩ ላይ በተለመደ ድምፅ ያንብብ፤ ሌላው የመጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ። ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል፤ ሰው ሲሞላ ማስተጋባቱ ይቀንሳል፣ ድምፁም ትንሽ ይዋጣል፤ ስለዚህ በሙከራው የተስተካከለው መጠን በዕለቱ ጥቂት ከፍ ይላል። ማይኩ የሚጮኸው ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ ስለሚወስድ ነው። መፍትሔው ስፒከሮቹን ከመድረኩ ፊት ለፊት ወደ ታዳሚው አዙሮ ማቆም፣ ማይኩንም ከአፍ አራት ጣት ያህል አስጠግቶ መያዝ ነው። ተናጋሪው ማይኩን ደረቱ ላይ ሲያወርደው ድምፅ አስተካካዩ መጠኑን ይጨምራል፤ ያኔ ጩኸቱ ይመጣል። ገመድ አልባዎቹ ማይኮች በየፕሮግራሙ አዲስ ባትሪ ይግባላቸው፤ ከመካከለኛ ዋጋዎቹ አብዛኞቹ ሁለት ሁለት ትንንሽ ድንጋይ ይወስዳሉ። ባለ ገመድ አንድ ማይክ መጠባበቂያ ይኑር፤ ሌላው ሁሉ ሲከዳ የሚያድነው እሱ ነው።

መብራት ሊጠፋ ይችላል። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይደረግ፤ ጀነሬተር ካለ ነዳጁንና የሚያስነሳውን ሰው አረጋግጡ። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ድንገት ከጠፋ ወዲያው አይነሳም፤ እስኪቀዘቅዝ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ተናጋሪው ያለ ስላይድ የሚናገርበትን ክፍል ቀድሞ ካሰበበት ያ ጊዜ አይባክንም። ገመዶችን በተመለከተ፣ የቆዩ ፕሮጀክተሮች ቪጂኤ ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ ኤችዲኤምአይ ወይም ታይፕ ሲ ብቻ አላቸው። ሁለቱንም የሚያገናኝ መለወጫና አምስት ሜትር ኤክስቴንሽን ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።

የአማርኛ ስላይድ ለብቻው ሊነሳ የሚገባው ጉዳይ ነው። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ፊደሎች የተጻፈ ስላይድ ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ርእሱ ሁሉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል፤ ተናጋሪው ዞር ብሎ ሲያየው ይደነግጣል፣ ታዳሚው ማጉረምረም ይጀምራል። በዩኒኮድ፣ ኒያላ በተባለው የዊንዶውስ ፊደል የተጻፈውም ማክ ላይ ሲከፈት ፊደሉ በሌላ ይተካና መስመሮቹ ይዛባሉ፤ የግርጌው ጽሑፍ ከስላይዱ ውጪ ይወጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ስላይዱ በተጻፈበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ተቀይሮ ሁለቱም ቅጂ በፍላሽ ይምጣ። የፊደሉ መጠን ከ28 አይነስ፤ የግዕዝ ፊደል ጥቃቅን ምልክት ስላለው ከሩቅ «ሰ» እና «ሱ» አይለዩም። ፍላሽ ለማንም እንግዳ ላፕቶፕ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ፋይሉን ወደ ኢሜይላችሁ ላኩ፤ ቫይረሱ ፋይል የሚደብቀው በዚህች ሰዓት ነው።

በመክፈቻው ላይ ጥብቅ ሁኑ። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግርና የመክፈቻ ንግግር ሁለት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ። የክብር እንግዳው ከዘገየ እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቅ፣ ከዚያ ገለጻው ይጀመር፤ እንግዳው ሲደርስ ከገለጻው በኋላ፣ ከጥያቄው በፊት መናገር ይችላል። ይህን ቀድማችሁ ለጽሕፈት ቤቱ ንገሩ፤ ቀድሞ ከተነገረ ቅር የሚሰኝ የለም። አርባ ደቂቃ የጠበቀ ታዳሚ ግን በጥያቄው ሰዓት ተነስቶ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደውም ራቅ ካለ ሰፈር የመጣውና ታክሲ የሚያስበው ሰው ነው።

የሁለት ሰዓት ፕሮግራም ከሆነ 40 ደቂቃ ለገለጻ፣ 50 ደቂቃ ለጥያቄና መልስ ይሰጥ። የቀረው በመክፈቻና በመተላለፊያ ይሄዳል። ተናጋሪው ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው «10»፣ «5»፣ «1» የተጻፈባቸው ወረቀቶች ይያዝ። ተናጋሪው እንደሚያያቸው ቀድሞ ይነገረው።

የጥያቄው ክፍል የሚያምረው ወይም የሚበላሸው በአወያዩ ነው። እኛ ዘንድ የተለመደው አምስትና ስድስት ጥያቄ ሰብስቦ መመለስ ነው። ሲበዛ ተናጋሪው ቀላሉን ይመልስና ከባዱን ይዘለዋል፤ የጠየቀውም ተመልሶ ማንሳት አይችልም። ሦስት ብቻ ይሰብሰብ፣ ተናጋሪው ወረቀትና እስክሪብቶ ይኑረው፣ አወያዩም በራሱ ይጻፍና ያልተመለሰውን ያስታውስ። ማይኩ በመጀመሪያ ወደ ኋላ ረድፍ ይሂድ። ከፊት ከተጀመረ የሚናገሩት ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ ከእነሱ በኋላ ደግሞ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እጁን አያወጣም። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ጠያቂዎች አንዷ ሴት እንድትሆን አወያዩ አውቆ ይምረጥ፤ ይህ ሲደረግ በሁለተኛው ዙር እጅ የሚያወጡ ሴቶች ቁጥር ሲጨምር በዓይን ይታያል።

ማይኩን ለጠያቂው አታስረክቡት፤ ይዞ የሚዞረው ተማሪ ራሱ ይያዝለት። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ትለውጣለች። ማይክ የጨበጠ ሰው «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብሎ ስድስት ደቂቃ ሊናገር ይችላል። ማይኩ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ግን አወያዩ «አመሰግናለሁ፣ ጥያቄዎን ያዝን» ሲል ልጁ እጁን ዝቅ ያደርጋል፣ ማንም ሳይዋረድ ያልቃል። ገደቡ አንድ ደቂቃ መሆኑ ከመጀመሪያው ይነገር፤ ለአንጋፋም ለወጣትም እኩል ይሥራ። ገለጻው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ጥያቄ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ መጠየቅ እንደሚቻል መድረክ ላይ በግልጽ ይነገርና የሚተረጉም ሰው ይመደብ። መናገር ለማይደፍሩ ደግሞ በየረድፉ ትንንሽ ወረቀት ይታደል። በጽሑፍ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ይጠልቃል።

ለታዳሚዎች ጥቂት ልጨምር። ከሰዓቱ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፤ ፍተሻና ምዝገባ ይወስዳል። መታወቂያ፣ የፕሮግራሙ ማስታወቂያ ስልካችሁ ላይ፣ የአንድ አዘጋጅ ስልክ ቁጥር ይኑራችሁ። ዳር ካለው መተላለፊያ አጠገብ ከተቀመጣችሁ ማይክ ቶሎ ይደርሳችኋል። ጥያቄያችሁን በሁለት መስመር ጽፋችሁ አንብቡት። እንዲህ ያለ መድረክ የት እንደሚገኝ ለምትጠይቁ፣ ከዩኒቨርሲቲው ሰሌዳዎችና ገጾች ሌላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን፣ ጉለሌ በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ግቢ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚን፣ ለመጽሐፍ ውይይት ደግሞ ወመዘክርን (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱን) ተከታተሉ። ስድስት ኪሎ ከመጣችሁ የቀድሞውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ማየት አትርሱ፤ ከ1954 ዓ.ም ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ግቢ የሆነው ያ ነው።

ገለጻው ካለቀ በኋላ ድምፁን በ48 ሰዓት ውስጥ አውጡ፤ ሳምንት ከቆየ የሚያዳምጠው ይቀንሳል። ቪዲዮ ብዙ ዳታ ስለሚበላ ድምፁ ለብቻው በትንሽ መጠን ይጫን። የፋይሉ ስም ቀኑን፣ የተናጋሪውን ስምና ርእሱን ይያዝ። ጊዜ አጥቶ ያልተመለሰው የጽሑፍ ጥያቄ ሁሉ ፎቶ ተነስቶ ለተናጋሪው ይላክና የሚሰጠው መልስ ከድምፁ ሥር ይለጠፍ። የምስጋና ደብዳቤ ለተናጋሪው ብቻ ሳይሆን ለጥበቃውና ለጥገና ክፍሉም ይጻፍ፤ ቁልፉም በዕለቱ ይመለስ።